ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች በትምህርት ቤት ደጃፍ፦ ከካርቱም እስከ አዲስ አበባ ሕጉ ምን ይላል? ወላጆችስ ምን መጠየቅ ይችላሉ?

ለአብዛኛው ወላጅ ልጅን ትምህርት ቤት ማስመዝገብ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና ጉርድ ፎቶግራፍ አዘጋጅቶ ወረፋ መያዝ ማለት ነው። ልጁ ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት፣ አልያም ማየት ወይም መስማት የተሳነው ሲሆን ግን ምዝገባው ወደ ድርድር ይለወጣል። ወላጅ የልጁን ሁኔታ ያስረዳል። ከትምህርት ቤቱ ወገን ደግሞ "መምህር የለንም"፣ "ሌላ ቦታ ሞክሩ"፣ "ትንሽ ከፍ ሲል አምጡት" የሚሉ ምላሾች ይሰማሉ።

እነዚህ ምላሾች ብዙውን ጊዜ በቃል የሚሰጡ ናቸው። በጽሑፍ ስለማይሰፍሩ አቤቱታ ለማቅረብ ያስቸግራሉ፤ ተቀባይነት ያጡትም ልጆች በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ አይታዩም።

ኢትዮጵያም ሆነች ሱዳን እነዚህን ልጆች ከእኩዮቻቸው ሳይለዩ ለማስተማር በሕግ ቃል ገብተዋል። በሕጉና በምዝገባ ጠረጴዛው መካከል ያለው ርቀት ግን ሰፊ ነው። ጦርነት ከካርቱም ያፈናቀላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ይህን ርቀት በሁለት አገር፣ ሁለት ጊዜ መጓዝ ግድ ሆኖባቸዋል።

ከጦርነቱ በፊት በካርቱም

በካርቱም ምሥራቃዊ ክፍል፣ ጥቁር ዓባይን ተንተርሶ የሚገኘው አል-ማንሺያ፣ ከጦርነቱ በፊት የተሻለ ኑሮ ያላቸው የከተማዋ ነዋሪዎች ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች አንዱ ነበር። የሱዳንን ፖለቲካ ለአሥርት ዓመታት የቀረጹት ሐሰን አል-ቱራቢ መኖሪያም እዚሁ ነበር። በካርቱም የነበሩ ኢትዮጵያውያን በብዛት ይኖሩ የነበሩት እንደ አል-ዴም ባሉ ሰፈሮች ቢሆንም፣ ብዙዎች እንደ አል-ማንሺያ ባሉ አካባቢዎች በቤት ሠራተኝነት፣ በጥበቃና በሌሎች ሥራዎች ተሰማርተው ኖረዋል።

በአንድ ከተማ የሚኖሩት እነዚህ ሁለት ወገኖች፣ ልዩ ድጋፍ የሚሻ ልጅ ሲኖራቸው የሚያንኳኳቸው በሮች የተለያዩ ነበሩ። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ የሚሞክረው የግል ወይም ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ነው። በብዙ አገሮች የሚገኙ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ደንባቸው ላይ፣ የልጁን ፍላጎት ማሟላት የሚችሉ ከሆነ እንደሚቀበሉት ይገልጻሉ። አባባሉ ቅን ይመስላል። ይሁን እንጂ "መቻል" ማለት ምን እንደሆነ የሚወስነው ራሱ ትምህርት ቤቱ ነው። አንዳንዶች ልጁን ከተቀበሉ በኋላም፣ በክፍል ውስጥ አብሮት የሚቀመጥ በተለምዶ "ሻዶው ቲቸር" የሚባል አጋዥ መምህር ወላጅ በራሱ ወጪ እንዲቀጥር ይጠይቃሉ። ይህም ከመደበኛው ክፍያ በላይ ሁለተኛ ክፍያ ማለት ነው።

አቅም የሌለው ቤተሰብ ዓይኑን የሚጥለው በልዩ ተቋማት ላይ ነበር። በካርቱም ባሕሪ ለዓይነ ስውራን የተቋቋመው አል-ኑር፣ መስማት ለተሳናቸው የሚያስተምረው አል-አመል፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች የተከፈተው ሰኪና በዋና ከተማዋና በአካባቢዋ ከሚታወቁት መካከል ናቸው። በሱዳን እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች በአብዛኛው የተሰባሰቡት በካርቱም፣ በኦምዱርማንና በባሕሪ ነው። ስለዚህ ከዳርፉር ወይም ከከሰላ ገጠር ለመጣ ልጅ ዋና ከተማዋ ብቸኛዋ ዕድል ልትሆን ትችል ነበር።

ተቋማቱ በአንድ ከተማ ሲሰበሰቡ

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያ የተቀሰቀሰው በዚችው ከተማ ነበር። ጦርነቱ በተጀመረ በስድስት ወሩ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ እና ሴቭ ዘ ችልድረን ባወጡት መግለጫ፣ በሱዳን 19 ሚሊዮን ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን አስታውቀዋል። ከእነዚህ ውስጥ 6.5 ሚሊዮን የሚሆኑት በአካባቢያቸው በተባባሰው ግጭት ምክንያት ትምህርት ያጡ ሲሆኑ፣ ቢያንስ 10,400 ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር።

በዚህ ቁጥር ውስጥ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች ያጡት ከሌሎቹ የተለየ ነበር። መደበኛ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ በተሰደደበት ከተማ ሌላ መደበኛ ትምህርት ቤት ሊያገኝ ይችላል። የብሬል መምህሩን ያጣ ልጅ ግን በፖርት ሱዳንም ሆነ በገዳሪፍ ተመሳሳይ መምህር ማግኘቱ እጅግ አጠራጣሪ ነው። ልዩ አገልግሎቶች በአንድ ከተማ ከተሰባሰቡ፣ ያቺ ከተማ ስትወድቅ የሚጠፋው የአንድ ሰፈር ትምህርት ቤት ሳይሆን የመላው አገሪቱ አገልግሎት ነው።

የሱዳን ጦር በመጋቢት 2017 ዓ.ም. አል-ማንሺያን ጨምሮ ካርቱምን መልሶ ከተቆጣጠረ በኋላ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ መመለስ ጀምረዋል። ሌሎች ብዙዎች ደግሞ አሁንም በግብፅ፣ በቻድ፣ በደቡብ ሱዳንና በኢትዮጵያ ይገኛሉ። በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት መካከል ሱዳናውያን ስደተኞች ብቻ ሳይሆኑ ለዓመታት በካርቱም የኖሩ ኢትዮጵያውያንም አሉ።

ድንበር የማይሻገር ትምህርት

ከካርቱም ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ የተዛወረ ልጅ ቋንቋ መቀየሩ የታወቀ ነው። ልዩ ድጋፍ ለሚሻ ልጅ ግን የሚቀየረው ከቋንቋ ያለፈ ነው።

መስማት የተሳነው ልጅ በካርቱም የተማረው በሱዳን የሚሠራበትን የምልክት ቋንቋ ነው። የምልክት ቋንቋ በዓለም ላይ አንድ ዓይነት እንደሆነ አድርገው የሚያስቡ ጥቂት አይደሉም፤ እውነታው ግን ብዙ አገሮች የየራሳቸው ያላቸው መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው፤ የአማርኛ ፊደላትንም ከነድምፃቸው በእጅ የሚያሳይበት ሥርዓት አዳብሯል። ስለዚህ ከካርቱም የመጣው ልጅ በአዲሱ ክፍል ውስጥ አማርኛውንም ምልክቱንም እንደ አዲስ ይጀምራል።

በብሬል ረገድ ያለው ልዩነት ቀለል ያለ ነው። ሁለቱም አገሮች የሚጠቀሙት በስድስት ነጥቦች ላይ የተመሠረተውን ሥርዓት ነው። የዐረብኛ ብሬል እንደ ዐረብኛ ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ሳይሆን ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። የአማርኛው ደግሞ አንድን ፊደል በተነባቢና በአናባቢ ከፍሎ ይጽፈዋል። በጣቱ ማንበብ የለመደ ልጅ አዲሶቹን ፊደላት ለመማር መሠረት አለው ማለት ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት ይህን ካላወቀ ግን ልጁን ምንም እንዳልተማረ ቆጥሮ ዝቅ ወዳለ ክፍል ሊመልሰው ይችላል።

ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ጉዳይ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ለብዙዎቹ የዘወትር ልማድ አለመቀየር የመረጋጋት መሠረት ነው። ቤት፣ መንገድ፣ ምግብና መምህር በአንድ ጊዜ ሲለወጡ ልጁ ቀድሞ ያዳበረውን ንግግር ወይም ራስን የመርዳት ችሎታ ለጊዜው ሊተው ይችላል። በምዝገባ ቀን የሚታየው ልጅ እንግዲህ ከወራት በፊት የነበረው ልጅ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ግን የሚፈርደው በዚያ ቀን ባየው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአውሮፓውያኑ 2006 የጸደቀ ሲሆን፣ ሱዳን በ2009፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2010 ተቀብለው አጽድቀውታል። የስምምነቱ አንቀጽ 24፣ ልጆች በአካል ጉዳታቸው ምክንያት ከነጻና ግዴታ ከሆነው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዳይገለሉ ይደነግጋል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 መሠረት አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ሱዳንም በ2009 የአካል ጉዳተኞችን ሕግ አውጥታ በ2017 በአዲስ ተክታዋለች።

መንግሥታት በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግመው የሚያነሱት መከራከሪያ አቅም ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ራሱ፣ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች የሚያደርገውን እንክብካቤ የአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደው ደረጃ ይወስነዋል። በየትምህርት ቤቱ ልዩ ባለሙያ መመደብና ሕንፃዎችን ማስተካከል ጊዜና ገንዘብ እንደሚጠይቅ ዓለም አቀፉ ስምምነትም አይክድም።

ስምምነቱ ግን ከዚህ የሚለየው አንድ ግዴታ አለ። እርሱም "ተመጣጣኝ ማመቻቸት" የሚባለው ነው። አንድ ልጅ ለመማር የሚያስፈልገውንና በትምህርት ቤቱ ላይ ከአቅም በላይ ጫና የማይፈጥር ማስተካከያ ማድረግ ማለት ነው። ዊልቼር ለሚጠቀም ልጅ ክፍሉን ከፎቅ ወደ ምድር ቤት ማዛወር፣ ማየት ለሚያዳግተው ልጅ የፊት ወንበር መስጠት፣ በፍጥነት መጻፍ ለማይችል የፈተና ሰዓት መጨመር፣ ጫጫታ ለሚረብሸው ልጅ ጸጥ ያለ ጥግ ማዘጋጀት ምሳሌዎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ማስተካከያ መከልከል በስምምነቱ መሠረት አድልዎ ነው። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ በ2016 ባወጣው ማብራሪያ፣ ይህ ግዴታ ቀስ በቀስ የሚፈጸም ሳይሆን ወዲያውኑ የሚተገበር መሆኑን ገልጿል።

ይህ ልዩነት ለወላጅ ትልቅ ትርጉም አለው። "ልዩ መምህር የለንም" የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል። "ስለዚህ ልጁን አንቀበልም" የሚለው መደምደሚያ ግን ከእርሱ አይከተልም።

ስደተኞችን በተመለከተ ደግሞ በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110፣ ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን እንደ ኢትዮጵያውያን እንዲያገኙ ይፈቅዳል። ከካርቱም የመጣ ሱዳናዊ ልጅ ሕጋዊ መነሻው ከኢትዮጵያዊ እኩያው የተለየ አይደለም ማለት ነው።

ያልተቆጠረ ልጅ

ሕግ ወደ ተግባር እንዳይለወጥ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ የቁጥር ጉዳይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአካል ጉዳተኞች ድርሻ 1.09 በመቶ ገደማ መሆኑን አስፍሯል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 ባወጡት ሪፖርት ለኢትዮጵያ የተጠቀሰው ግምት ግን 17.6 በመቶ ነበር። ሱዳን በ2008 ባካሄደችው ቆጠራ 4.8 በመቶ ተመዝግቧል።

ልዩነቱ የመጣው ከአገሮቹ ጤና ይልቅ ከአጠያየቁ ነው። ቆጣሪ ቤት አንኳኩቶ "እዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?" ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ቤተሰብ በሐፍረት ወይም ልጁን እንደ አካል ጉዳተኛ ባለማየቱ "የለም" ይላል። በአሁኑ ወቅት ዓለም አቀፍ ተቋማት የሚመክሩት የተለየ አጠያየቅ ነው። "ልጁ መነጽር አድርጎም ቢሆን ለማየት ይቸገራል? ለመስማትስ? ለመራመድ? ለማስታወስ? ሐሳቡን ለመግለጽስ?" እየተባለ ሲጠየቅ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ዩኒሴፍ በዚህ መንገድ በተሰበሰቡ መረጃዎች ላይ ተመሥርቶ በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ አካል ጉዳተኛ ልጆች እንዳሉ ገምቷል። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ጭራሽ ያለመግባት ዕድላቸው ከሌሎች ልጆች በ49 በመቶ የበለጠ ነው።

የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር አምስተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር ሲጀመር፣ በመጀመሪያ ደረጃ ይማሩ የነበሩት ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች 4 በመቶ ገደማ እንደሆኑ ተመዝግቦ ነበር። ይህን በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 75 በመቶ ለማድረስ ታቅዶም ነበር። ጊዜው ሲያበቃ ቁጥሩ የደረሰው ወደ 11 በመቶ ገደማ ነው። ዕድገት መኖሩ ባይካድም፣ ከዕቅዱ ጋር ሲነጻጸር አብዛኞቹ ልጆች ዛሬም ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ ናቸው።

ልጅ ካልተቆጠረ በጀት አይያዝለትም። በጀት ካልተያዘ መምህር አይመደብም። መምህር ካልተመደበ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ልጁን ላለመቀበል ምክንያት ያገኛል። ያልተቀበለው ልጅም በቀጣዩ ዓመት ቆጠራ ላይ አይኖርም።

በወላጆች የተከፈቱ በሮች

በኢትዮጵያ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ታሪክ ረጅም ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተከፈተው የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በርካታ ዓይነ ስውራንን ለሕግ፣ ለመምህርነትና ለሙዚቃ ሙያ አብቅቷል። ለሰብአዊ መብት ባደረጉት ትግል በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤም የተማሩት በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ነው። በአማራ ሳይንት የተወለዱት የትነበርሽ የዓይን ብርሃናቸውን ያጡት በአምስት ዓመታቸው ነበር። ትምህርት ለማግኘት ግን ከወሎ ተነሥተው በሻሸመኔ የካቶሊክ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት ነበረባቸው። በኋላም በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከማየት ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ተምረዋል።

ለዓይነ ስውራንና መስማት ለተሳናቸው ልጆች በጥቂቱም ቢሆን የተከፈተው በር፣ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ለረጅም ጊዜ ዝግ ነበር። ይህን በር ከከፈቱት መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሱት ዘሚ የኑስ ናቸው። ከአሜሪካ ተመልሰው በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ያቋቋሙት ዘሚ፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ለማስተማር ከአንድ በላይ ትምህርት ቤቶች ሞክረው ተቀባይነት ማጣቱን በይፋ ይናገሩ ነበር። በ2002 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። የአማርኛ ፊደላትን ድምፅ መነሻ ያደረገ "አቡጊዳ ፎነቲክስ" የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል። ዘሚ በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ከእርሳቸው በኋላ በወላጆች ጥረት የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል፣ ዳውን ሲንድረም ላለባቸው ልጆች የሚሠራው ዲቦራ ፋውንዴሽንና ሌሎችም ተከትለዋል። እነዚህ ማዕከላት የብዙ ቤተሰቦችን ሕይወት ለውጠዋል። አብዛኞቹ ግን የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው፤ ከሚቀበሉት ልጅ ይልቅ በወረፋ የሚጠብቀው ይበዛል። ካርቱም ላይ የታየው ልዩ አገልግሎትን በአንድ ከተማ የመሰብሰብ ችግር እዚህም አለ። በሁመራ፣ በመተማ ወይም በወልድያ የሚኖር ቤተሰብ ልጁን ለማስመርመር እንኳ ረጅም መንገድ መጓዝ ይኖርበታል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ የተባባሰው የአማራ ክልል ግጭት ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከትምህርት ሲያርቅ፣ መንገዱንም ይበልጥ አክብዶታል።

መግባት ብቻውን ይበቃል?

የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ በ2016ቱ ማብራሪያው አራት ሁኔታዎችን ለይቷል። የመጀመሪያው ማግለል ነው፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ውጭ ይቀራል። ሁለተኛው መነጠል ነው፤ ልጁ ይማራል፣ ነገር ግን ከሌሎች ተለይቶ። ሦስተኛው ማቀላቀል ነው፤ ልጁ በመደበኛ ክፍል ይቀመጣል፣ ሆኖም ምንም ስላልተስተካከለ ራሱን ከክፍሉ ጋር ማስማማት ያለበት እርሱ ነው። አራተኛው አካቶ ነው፤ ትምህርት ቤቱ አሠራሩን ለልጁ ያስተካክላል።

በኢትዮጵያ ብዙ ልጆች የሚገኙት በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። የአንድ ክፍል የተማሪዎች ቁጥር በመስፈርቱ 50 ቢሆንም በተግባር ከዚያ የሚበልጥባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። መምህራን በሥልጠና ወቅት ስለ አካቶ ትምህርት የሚወስዱት ኮርስ ጠቅለል ያለ ሲሆን፣ ብሬል ወይም ምልክት ቋንቋ ለማስተማር አያበቃም። በእንዲህ ያለ ክፍል ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ መስማት የተሳነው ልጅ በመዝገብ ላይ ተማሪ ነው። ትምህርቱ ግን አይደርሰውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲያቋርጥ "ትምህርት አልሆነለትም" ይባላል።

የትምህርት ሚኒስቴር የ2012ቱ ስትራቴጂና ከ2016 እስከ 2025 የሚዘልቀው መሪ ዕቅድ፣ ሁለቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለዚህ ያቀረቡት መፍትሔ የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በየትምህርት ቤቱ ሁሉንም ዓይነት ባለሙያ ማሟላት ስለማይቻል፣ በአንድ ጉድኝት ካሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ ማዕከል ይሆናል። የብሬል መጻፊያ፣ መርጃ መሣሪያዎችና የሠለጠኑ መምህራን እዚያ ይመደባሉ። ተዘዋዋሪ መምህር ደግሞ በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች እየዞረ ይደግፋል። ልጁ በሰፈሩ ይማራል፣ ባለሙያው ወደ እርሱ ይመጣል።

ይህ አሠራር በሚገባ ሲተገበር የካርቱምን ዓይነት ጉዳት ይቀንሳል። ዕውቀቱ በብዙ ወረዳዎች ተበትኖ ስለሚኖር አንድ ከተማ ቢዘጋ ሁሉም አብሮ አይዘጋም። ማዕከላቱ በቁጥር ውስን መሆናቸውና መሣሪያ ያላቸው ሁሉ የሠለጠነ ሰው የሌላቸው መሆኑ ግን የሚነገር ችግር ነው። ተቆልፎ የተቀመጠ የብሬል መጻፊያ ለማንም አያስተምርም።

ወላጆች ምን ማድረግ ይችላሉ?

መጀመሪያ የልጁን ዓይንና ጆሮ ማስመርመር ይመከራል። "አይገባውም" ወይም "አይታዘዝም" የተባለ ልጅ በትክክል የማይሰማ ወይም ሰሌዳውን የማያይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ምርመራው ችግር ካሳየ መነጽር ወይም የመቀመጫ ለውጥ ብቻ በቂ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የሕክምና ወረቀት ልጁ ያለበትን ችግር ይናገራል እንጂ ልጁ የሚችለውን አይናገርም። ስለዚህ ወላጅ በአንድ ገጽ ልጁ ምን እንደሚችል፣ እንዴት እንደሚግባባ፣ ምን እንደሚያስደስተው፣ ምን እንደሚረብሸውና ሲረበሽ እንዴት እንደሚረጋጋ ጽፎ ቢያቀርብ ለመምህሩ ከማንኛውም ሰነድ ይልቅ ይጠቅመዋል። ከካርቱም ለተመለሱ ቤተሰቦች ደግሞ የዐረብኛ የሕክምናና የትምህርት ማስረጃዎችን ማስተርጎም፣ ሰነዱ ከጠፋም ልጁ የተማረበትን ተቋም፣ የክፍል ደረጃና ዘዴ ጽፎ ማቅረብ ልጁ ከዜሮ እንዳይጀምር ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ልጁን ካልተቀበለ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ይገባል። በቃል በቀላሉ የሚነገር እምቢታ ወደ ወረቀት ሲመጣ ፊርማ ይፈልጋል፤ አንዳንድ ጊዜ ጥያቄው ብቻውን ርዕሰ መምህሩ ጉዳዩን ደግሞ እንዲያይ ያደርጋል። ደብዳቤው ካልተሰጠ ደግሞ ወላጅ የሄደበትን ቀን፣ ያነጋገረውን የሥራ ኃላፊና የተሰጠውን መልስ ራሱ መዝግቦ ይያዝ።

አራተኛ፣ ጉዳዩን ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መውሰድና የሚቀርበው የድጋፍ መስጫ ማዕከል የት እንደሚገኝ መጠየቅ ይቻላል። ከዚያ በላይ የክፍለ ከተማ ወይም የዞን መምሪያና የክልል ትምህርት ቢሮ አለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚከታተል ክፍል ያለው ሲሆን፣ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ የሚቀርቡ አቤቱታዎችን ይቀበላል። አገልግሎታቸው በነጻ ነው።

አምስተኛ፣ ልጁ ከተመዘገበ በኋላ ለእርሱ የሚሆን ግላዊ የትምህርት ዕቅድ እንዲዘጋጅ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዕቅዱ በዚህ መንፈቅ ዓመት ልጁ ምን እንዲማር እንደታሰበ፣ ማን እንደሚያግዘውና ውጤቱ እንዴት እንደሚለካ የሚገልጽ አጭር ሰነድ ነው። ወላጅ፣ መምህርና ባለሙያ አብረው ያወጡታል። ይህ ወረቀት ከሌለ በመንፈቅ ዓመቱ ማብቂያ ልጁ ተምሯል ወይስ ተቀምጧል የሚለውን ማንም መመለስ አይችልም።

በቤት ውስጥ ያለውን ጫና ለማቃለልም አማራጮች እየተፈጠሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሥልጠናው የሚሰጠው በልዩ ሐኪሞች ብቻ አይደለም፤ ወላጆች ልጆቻቸውን በዕለት ተዕለት ጨዋታና የቤት ሥራ እንዴት እንደሚያግባቡ ያስተምራል። ወላጆች በአንድ ላይ መገናኘታቸውም በራሱ ሌላ ጥቅም አለው። አንድ እናት ብቻዋን ስትጠይቅ "አይቻልም" የሚላት ትምህርት ቤት፣ ከአንድ ቀበሌ የመጡ አሥር ወላጆች በአንድ ደብዳቤ ሲጠይቁት ለወረዳው በጀት ለመጠየቅ የሚያቀርበው ማስረጃ ያገኛል።

ትምህርት ቢሮዎችም ከወላጅ ሳይጠብቁ ሊጀምሩት የሚችሉት፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የምዝገባ መዝገብ ላይ የተመዘገቡት ብቻ ሳይሆኑ መጥተው የተመለሱት ልጆችም ከነምክንያቱ እንዲሰፍሩ ማድረግ ነው። በየክረምቱ ስንት ልጅ ከትምህርት ቤት ደጃፍ እንደተመለሰ ከታወቀ፣ በቀጣዩ ዓመት የትኛው ወረዳ ተዘዋዋሪ መምህር፣ የትኛውስ ብሬል እንደሚያስፈልገው ይታወቃል። ከካርቱም የተመለሰውም ልጅ ሆነ ከወረዳው ወጥቶ የማያውቀው እኩያው በዚያ መዝገብ ላይ የሚሰፍሩት በአንድ ረድፍ ነው።